አርባ አንድ ቀን በባዕድ አገር፣ አንድ ቀን በአምበር



ባለቤቴና እኔ ከተጋባን በ2011 ዓ.ም. ሃያ ዓመት ሞላን። ባለቤቴ መጋቢ ነው፤ እኔም ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ከተመረቅሁ ጀምሮ በሴቶችና በባለትዳሮች አገልግሎት ቆይቻለሁ። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ስንቱን ሠርግ አስፈጽመናል፤ ስንቱን የተኳረፈ ባልና ሚስት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ አነጋግረናል። ሁለታችን ብቻ ሆነን ሦስት ቀን ከቤት ውጪ ያደርንበት ጊዜ ግን አልነበረም። ይህን የተመለከቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች የሁለት ወር ዕረፍት ሰጡን። እኔም ዕቁብ ደረሰኝ። በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ አጠገብ የምትኖረው እህቴ ደግሞ «የትኬቱን ነገር ለእኔ ተዉት» አለችን። ሦስቱን ልጆቻችንን እናቴ ዘንድ አድርገን በጥር አጋማሽ ተነሣን። መጀመሪያ ከመንፈሳዊ ተጓዦች ጋር ወደ ግብፅና ወደ እስራኤል፣ ከዚያም ወደ ጀርመን፣ በመመለሻችን ደግሞ ወደ ኬንያ ሄድን። በጠቅላላው አርባ አንድ ቀን ሆነ።

ስለዚያ ጉዞ ብዙ ሰው ጠይቆናል። ፎቶግራፎቹንም ብዙ ቅዱሳን አይተዋል። በፎቶግራፎቹ ላይ የማይታየውን ነገር ግን እስከ ዛሬ በአደባባይ አልተናገርንም። ይህን ጽሑፍ ባለቤቴ አንብቦ ፈቅዶልኛል፤ እንዲያውም «የእኔን ጥፋት አታሳንሺው» ብሎኛል።

ያላየኋት አገር

ባለቤቴ የተወለደው በምሥራቅ ጎጃም፣ በአነደድ ወረዳ፣ አምበር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ ሰው ዓባይን ተሻግሮ ደጀንን፣ ቀጥሎም ሉማሜን ካለፈ በኋላ አምበርን ያገኛታል። ብዙው መንገደኛ ማርቆስ ለመድረስ ስለሚቸኩል በመስኮት አይቷት ያልፋል። ባለቤቴ በልጅነቱ እዚያ ከብት ጠብቋል። ከፍ ሲል ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ፣ ከእናቱ ስንቅ እየተላከለት ተማረ። ጌታን የተቀበለው ለከፍተኛ ትምህርት አዲስ አበባ ከመጣ በኋላ ነው።

እናቱ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ነበሩ፤ ልጃቸው ጴንጤ ሆነ ሲባል እጅግ አዘኑ። በሠርጋችን ቀንም አልነበሩም። ባለቤቴ በጊዜው «እናቴ አልመጣም አለች» አለኝ። ይህን ቃል በልቤ ያዝሁት። ከዚያ በኋላ እርሱ በየዓመቱ እየሄደ ይጠይቃቸዋል፤ ልጆቹንም ሁለት ጊዜ ወስዷቸዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ ምክንያት ነበረኝ። አንድ ጊዜ የሴቶች ኮንፈረንስ፣ አንድ ጊዜ የልጅ ፈተና። «ካልፈለጉኝ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» እል ነበር። ስለ ይቅርታ አስተምሬ ከመድረክ ስወርድ እንኳ አምበር ትዝ ብላኝ አታውቅም።

ዓባይ በካይሮ

ካይሮ ስንደርስ ቡድናችን እንደ ማንኛውም ጎብኚ መጀመሪያ ወደ ጊዛ ፒራሚዶች ሄደ። ትልቁ የኩፉ ፒራሚድ ከተሠራ ወደ 4,500 ዓመት ይጠጋል። ከሥሩ ቆሞ ወደ ላይ ያየ ሰው ድንጋዩን ያነሡትን ጫንቃዎች ያስባል። በአሮጌው ካይሮም ማርያምና ዮሴፍ ሕፃኑን ይዘው አርፈውበታል እየተባለ የሚነገርለትን የአቡ ሰርጋ ቤተ ክርስቲያን አየን። ባለቤቴ ግን ልቡ ወንዙ ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ ሁለታችን ብቻ ሆነን፣ በሁለቱ ጫፎቹ የነሐስ አንበሶች ወደቆሙበት ወደ ቃስር ኤል ኒል ድልድይ በእግራችን ሄድን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለቤቴ ሲሄድ ይቀድማል። ሁልጊዜ ከፊቴ አሥር እርምጃ ያህል ነው። አዲስ አበባ ሳለን ይህን ከሥራው ብዛት ቆጥሬው ኖሬአለሁ። ካይሮ ላይ ግን ሥራ አልነበረውም፤ ያም ሆኖ ቀደመ። የካይሮን መኪና ያየ ያውቃል፤ ለእግረኛ አይቆምም። እርሱ ዘሎ ተሻገረ፤ እኔ በዚህኛው ዳር ለብዙ ደቂቃ ቆሜ ቀረሁ። ተሻግሬ ስደርስ የድልድዩን አጥር ተደግፎ ውሃውን ሲመለከት አገኘሁት።

«ይኼ ውሃ እኮ በእናቴ ደጅ አልፎ የመጣ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። በአምበር የሚዘንበው ዝናብ ከየጅረቱ ተሰብስቦ ዓባይ ይገባል። ከጮቄ ተራራ የሚነሡትም ብዙ ወንዞች እንዲሁ ናቸው። ካይሮ ከሚደርሰው የናይል ውሃም ከግማሽ በላይ የሚሆነው የዓባያችን ነው። ስለ መንገዱ ልወቅሰው የነበረውን ነገር ዋጥ አድርጌ ዝም አልሁ። ዝም ማለት ትዕግሥት ይመስለኝ ነበር።

እኔ ካይሮን ለማየት የጓጓሁት በሌላ ሰው ምክንያት ነው። በኮሌጅ ሳለሁ ስለ አቡ ሩሚ ተምሬ ነበር። አቡ ሩሚ በጎጃም የተወለደ ሊቅ ነው። ገና በወጣትነቱ ከአገሩ ወጥቶ ካይሮን፣ ኢየሩሳሌምን፣ ሶርያን፣ አርመንን፣ ፋርስን፣ እስከ ሕንድም ድረስ ዞሯል። በስተርጅናው ካይሮ ላይ አሰላን ደ ሼርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም አገኘው። ሁለቱ ለአሥር ዓመት ያህል ሠርተው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ተረጎሙ። የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ነበረ። አቡ ሩሚ ሥራው ካለቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በ1819 እ.ኤ.አ. በካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። በሚቀጥለው ዓመት ዊልያም ጃዌት የተባለ ሚስዮናዊ ጽሑፉን ለብሪታንያና ለውጭ አገር የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ ደግሞ በ1840 እ.ኤ.አ. ታተሙ። ከዚያ በኋላ ለአማርኛ አንባቢ የደረሰው መጽሐፍ ቅዱስ መንገዱን የጀመረው በዚህ የጎጃም ሰው ብዕር ነው።

ይህን በድልድዩ ላይ ለባለቤቴ አጫወትሁት። ጥቂት ቆይቶ «የአገሬ ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር» አለኝ። ቀጥሎም «እናቱ ዘንድ ተመልሶ ገብቶ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን እንደምመልስለት አላወቅሁም። ወደ ሆቴላችን ስንመለስ አሁንም ቀደመኝ።

በሲናና በኢየሩሳሌም

ከካይሮ በአውቶቡስ የሱዌዝን ቦይ ከሥሩ ባለው ዋሻ አልፈን ወደ ሲና በረሃ ገባን። ተራራውን የሚወጡ ሰዎች የፀሐይ መውጫን ለማየት ከሌሊቱ ሰባትና ስምንት ሰዓት ላይ ይነሣሉ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መጨረሻው ላይ ደረጃ በደረጃ የተደረደረ ድንጋይ ነው፤ ጉልበት ይጨርሳል። ባለቤቴ ባትሪውን ይዞ ከወጣቶቹ ጋር ወጣ። ከእኔ ጋር የቀሩት ከሐዋሳ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ተደጋግፈን ወጣን። ጫፉ ላይ ስንደርስ ባለቤቴ በደስታ «የሲና ጫፍ 2,285 ሜትር ነው አሉ! ማርቆስ ከተማ እኮ ከዚህ ትበልጣለች» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን በልቤ ‹ታዲያ እዚያ ያደግህ ሰው እዚህ እኔን መጠበቅ አቅቶህ ነው?› አልሁ።

ኢየሩሳሌም ስንገባ ቅዱሳኑ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ። በቅዱሱ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ያለውን ዴር ሡልጣንን ያላየ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ የለም። የኢትዮጵያ መነኮሳት በዚያ በትናንሽ ቤቶች ይኖራሉ። አስጎብኚያችን በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በመጀመሪያ ኢየሩሳሌምን እንደ ተሳለሙ ነገረን። ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ሮምን፣ ለንደንን፣ አቴንስን ጎብኝተው ወደ አምስት ወር የሚጠጋ ጊዜ ቆዩ። በኢየሩሳሌም ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችም ወደ አዲስ አበባ ወስደው ሙዚቀኛ አደረጓቸው። አብረዋቸው ከተጓዙት መኳንንት አንዱ የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። ባለቤቴ የጎጃም ስም ሲነሣ ደስ አለው። እኔ «ወይዘሮ መነንስ?» ብዬ ጠየቅሁ። አስጎብኚው ወይዘሮ መነን በዚያ ጉዞ አልነበሩም አለኝ። ባልና ሚስት አብረው ዓለምን ለማየት መቻላቸው ራሱ ትልቅ በረከት መሆኑን ያን ጊዜ አሰብሁ። ነገር ግን በአንድ አውሮፕላን መሄድና አብሮ መሄድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም እያየሁ ነበር።

ከዴር ሡልጣን ልንወጣ ስንል በፀሐይ የተቀመጡ አንድ አረጋዊ መነኩሴ የየት አገር ሰዎች እንደሆንን ጠየቁን። ባለቤቴ «ከአዲስ አበባ» አላቸው። «ትውልድህስ?» አሉት። «ጎጃም ነኝ አባቴ፤ አምበር» አለ። ፊታቸው በራ። እርሳቸውም የዚያው አገር ሰው ኖሯል።

«እናትህ አለች?» አሉት።

«አለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ወደ እኔ እያዩ «ይችን ልጅ አሳይተሃታል?» አሉት።

ባለቤቴ መልስ አልሰጠም። እኔም መሬት መሬት አየሁ። አረጋዊው ከዚያ በላይ አልጠየቁንም፤ «በሰላም ግቡ» ብለው መረቁን። ያን ቀን ማታ ባለቤቴ ራት አልበላም። ምን ሆነህ ነው ስለው ደክሞኝ ነው አለኝ።

የቆምሁበት ጣቢያ

ከቴል አቪቭ ወደ ጀርመን በረርን። እህቴ ዘንድ ለአሥራ ስምንት ቀን ቆየን። የካቲት በጀርመን ክረምት ነው፤ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ይውላል። እኔ አንድ ቦታ ለማየት ፈልጌ ነበር፤ ከሽቱትጋርት ብዙም የማትርቀውን ኮርንታልን። በኢትዮጵያ የቀድሞ ሚስዮናውያን አንዱ የሆነው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ የተቀበረው እዚያ ነው።

በአንድ ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ትኬቱን ቆርጣ፣ የባቡሩን ቁጥር ጽፋ ሰጠችን። ከመሬት በታች ባለው ጣቢያ ቆምን። ባቡሩ ሲመጣ ባለቤቴ እንደ ልማዱ ቀደመና ገባ። በመካከላችን ብዙ ሰው ነበር። በሩ ተዘጋ። በመስታወት ውስጥ ፊቱ ሲደነግጥ አየሁት፤ ባቡሩም ሄደ።

ስልክ አልያዝሁም። ትኬቱ በእርሱ ኪስ ነው። የእህቴን አድራሻም አላውቀውም። ቋንቋም የለኝም። እዚያ ቆሜ መጀመሪያ ፈራሁ፤ ቀጥሎ ተናደድሁ፤ በመጨረሻ አለቀስሁ። ያለቀስሁት ባቡሩ ስለሄደ ብቻ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ጣቢያ ቆሜ የኖርሁ መሰለኝ።

ባለቤቴ በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ ተመለሰ። ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። «ከኋላዬ ያለሽ መስሎኝ!» አለኝ። እኔም ያን ጊዜ የተጠራቀመውን ሁሉ አወጣሁት። «ሁልጊዜ ከኋላህ ያለሁ ይመስልሃል። ዞረህ ግን አታይም!» አልሁት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር፤ ሰዎችም ያዩን ነበር። የመጋቢ ሚስት ከሆንሁ ጀምሮ በሰው ፊት ጮኬ አላውቅም።

እርሱ መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ «አንቺስ?» አለኝ በቀስታ። «ሃያ ዓመት ወደ አምበር ብቻዬን ስሄድ አንድ ቀን ‹አብሬህ ልሂድ› ብለሽኛል?»

«አልመጣም ያሉት እርሳቸው አይደሉም?» አልሁት።

አንገቱን ደፋ። መልስ አልሰጠኝም። በቀጣዩ ባቡር ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ሳንነጋገር ኮርንታል ደረስን።

የክራፍና የሮዚና ነገር

ኮርንታል በ1819 እ.ኤ.አ. ለእግዚአብሔር ተለይተው መኖር በፈለጉ አማኞች የተመሠረተች ጸጥ ያለች ከተማ ናት። በመቃብሩ ስፍራ በረዶ ነበር። የክራፍን መቃብር አግኝተን ቆምን። ታሪኩን ያወቅሁት እኔ ስለሆንሁ ለባለቤቴ የምናገረው እኔ ነበርሁ፤ ብንኳረፍም ተናገርሁ።

ክራፍ በ1810 እ.ኤ.አ. ተወለደ። በእንግሊዝ የሚስዮን ማኅበር ተልኮ በ1837 ኢትዮጵያ ገባ፤ በሸዋም በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ተቀመጠ። በ1842 ሮዚና ዲትሪክ የተባለች እጮኛውን ለማግባት ወደ ግብፅ ሄደና ተጋቡ። ሁለቱ በምፅዋ በኩል ወደ ሸዋ ሊመለሱ ሲሞክሩ መንገዱ ተከለከለ። ሮዚና በጉዞ ላይ፣ በበረሃ ወለደች። ሕፃኗም ወዲያው ሞተች። ስሟን በአማርኛ «እንባ» አሏት። ከዚያ በባሕር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ዞረው በ1844 ሞምባሳ ገቡ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ሮዚና እንደገና ወልዳ በወባ ሞተች፤ አራስ ልጇም ተከተለቻት። እርሱ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት አገለገለ፤ በስተርጅናውም የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ እርማት ሠራ። በ1881 እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር በኮርንታል ሲሞት በአልጋው አጠገብ ለጸሎት እንደ ተንበረከከ ተገኘ ይባላል።

«እርሷስ የት ናት?» አለኝ ባለቤቴ።

«ሞምባሳ።»

በመመለሻችን ናይሮቢ ባሉ የኢትዮጵያውያን ኅብረት ውስጥ እንዲያገለግል ተጋብዞ ነበርና ኬንያ እንደምናርፍ የታወቀ ነው። ሞምባሳ ግን በዕቅዳችን አልነበረችም። ባለቤቴ በረዶው ላይ ቆሞ «እንሂድ» አለኝ። ከመቃብሩ ስፍራ ስንወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሞ ጠበቀኝ።

በሞምባሳ የተነገረኝ

ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ በ2017 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ባቡር አለ፤ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። የጻቮን ቀይ አፈርና በአፈሩ የቀሉ ዝሆኖችን በመስኮት አየን። በዚህኛው ባቡር ትኬቴን ራሴ ያዝሁ። ሞምባሳ ሞቃት ናት። በ1590ዎቹ ፖርቱጋሎች የሠሩትን የኢየሱስ ምሽግ ከጎበኘን በኋላ ከደሴቲቱ በድልድይ ተሻግረን ኒያሊ ወደተባለው ሰፈር ሄድን። የሮዚና መቃብር በዚያ፣ ለባሏ መታሰቢያ ከቆመው ሐውልት አጠገብ ይገኛል።

ብዙ ቆየን። አንዲት ወጣት ሚስት ከአገሯ ወጥታ፣ አንድ ልጅ ቀብራ፣ ራሷም በባዕድ ምድር ያረፈችበት ቦታ ነው። ባሏ ሠላሳ ሰባት ዓመት ከእርሷ በኋላ ኖሮ ሌላ አህጉር ላይ ተቀበረ። ባለቤቴ እንባው ይወርድ ነበር። ለሮዚና መስሎኝ ነበር።

«እናቴ አልመጣም አላለችም» አለኝ።

አልገባኝም።

«ሠርጋችንን አልነገርኋትም። ሰርጉ ካለፈ በኋላ ነው የሰማችው። ‹ጴንጤ ሆነህ፣ ጴንጤ ልታገባ› ብላ እንዳታለቅስብኝ ፈራሁ። በሠርጉ ቀን በሰው ፊት ብታሳፍረኝስ ብዬም ፈራሁ። ለአንቺ ‹አልመጣም አለች› ያልሁሽ እኔ ነኝ።»

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ በዚያች ሰዓት ይቅር አልሁት ብዬ ብጽፍላችሁ ውሸት ይሆናል። አልቻልሁም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲትን ንጹሕ ሴት በልቤ ስከስስ ኖሬአለሁ፤ ከሳሽ ያደረገኝም የማምነው ሰው ነው። በሞምባሳ ቀሪዎቹን ሁለት ቀናት ብዙ አልተነጋገርንም። ባሕሩ ዳር አብረን እንቀመጣለን፤ እርሱ «ይቅር በይኝ» ይላል፤ እኔ ባሕሩን አያለሁ። በሁለተኛው ቀን ማታ ግን የራሴም ነገር ታየኝ። እርሱ ዋሽቶኝ ነበር፤ እውነት ነው። እኔ ግን ውሸቱ ተመችቶኝ ነበር። እውነት መሆኑን አንድ ቀን ሄጄ ብጠይቅ ኖሮ በአንድ ቀን ይፈታ ነበር። ያን ማታ ተንበርክከን አብረን ጸለይን፤ ሁለታችንም የየራሳችንን ተናዘዝን።

አምበር ስንተኛ ናት?

አዲስ አበባ ከገባን ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በመጋቢት፣ ሌሊት ተነሥተን በፍቼ በኩል ወደ ጎጃም ሄድን። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ጨመረ፤ አዲሱን ድልድይ ተሻግረን ወደ ደጀን ስንወጣ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ባለቤቴ ወንዙን እያሳየኝ «ካይሮ ላይ ያየነው ነው» አለኝ። አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ራቁቱን ነበር፤ በየደጁ የጭድ ክምር ይታያል። ሉማሜን አለፍን። አምበር ስንደርስ ከመኪና ወርደን በእግር ሄድን፤ ባለቤቴ እጄን ይዞ ነበር።

እማማ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁን። አጭር ሴት ናቸው፤ በሐሳቤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ግዙፍ አድርጌአቸው ነበር። ጉልበታቸውን ልስም ስል ያዙኝና አቀፉኝ።

ሁዳዴ ነበር። እርሳቸው ጾመኛ ናቸው፤ ለእንግዳ የሚቀርበውም ጠላ ነው። ለእኛ ግን «እናንተ ጠላ አትጠጡም አሉኝ» ብለው በቅል እርጎ አስቀምጠው ቆዩን። እርሳቸው የማይቀምሱትን፣ እኛ የማንጠጣውን አውቀው ያዘጋጁት ነው። ባለቤቴና እኔ ተያየን። «እማማ፣ ዛሬ ከእርስዎ ጋር ነው የምንበላው» አልኋቸውና የሽሮ ወጣቸውን በአንድ መሶብ አብረን በላን። እርጎውን ግን ማታ ጎረቤት ለሚገኙ ሕፃናት አካፈሉት።

ከምሳ በኋላ ባለቤቴ በእናቱ እግር ሥር ተቀምጦ ሁሉን ነገራቸው። እማማ አዳመጡ። «ሠርግህን ከገበያ ሰው ነው የሰማሁት» አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «እኔ እኮ አንቺን የከተማ ልጅ ናት፣ ንቃኝ ነው የቀረች ብዬ ነበር» አሉኝ። እኔ የፈለጉኝ አልመሰለኝም፤ እርሳቸው የናቅኋቸው መሰላቸው። በአንድ ሰው ፍርሃት ሁለት ሴቶች ሃያ ዓመት ተለያየን። እማማ ከዚያ ተነሥተው ከሳጥናቸው አንድ ጋቢ አወጡ። ፈትሉን ራሳቸው የፈተሉት ነው። ሠርጉን በሰሙበት ዓመት ለሙሽራዋ ብለው አሠርተውት ከሳጥን አልወጣም ነበር። በትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

ማታ እሳት ከበን ስንጫወት ስንት አገር እንዳየን ጠየቁን። ባለቤቴ በጣቱ እየቆጠረ «ግብፅ፣ እስራኤል፣ ጀርመን፣ ኬንያ» አላቸው።

«አምበርስ ስንተኛ ናት?» አሉ እየሳቁ።

እኔ ነኝ የመለስሁላቸው። «የመጨረሻዋ ናት እማማ። ከሁሉም የራቀችው እርሷ ነበረች።»

ለባለትዳሮች

ከዚያ በኋላ አራት ጊዜ አብረን ሄድን፤ ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን። በ2015 ዓ.ም. በክረምቱ መጨረሻ በክልሉ ጦርነት ከተነሣ በኋላ ግን መንገዱ እንደ ልብ የሚኬድበት አልሆነም። እማማ በ2016 ዓ.ም. ሲያርፉ መንገድ ተዘግቶ ነበርና ለቀብራቸው አልደረስንም። ስልክም ስላልነበረ የሰማነው ከቀናት በኋላ ነው። ጋቢያቸውን ለብሼ አለቀስሁ። ‹ያን ቀን ባንሄድ ኖሮስ?› እያልሁ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ወገኖቼ፣ በሐዋርያት ሥራ የምናገኛቸውን አቂላንና ጵርስቅላን አስቡ። ከሮም ወደ ቆሮንቶስ፣ ከቆሮንቶስ ወደ ኤፌሶን የተጓዙ ባልና ሚስት ናቸው። መጽሐፍ ቅዱስ አንዱን ያለ ሌላው አያነሣም። ድንኳን ሲሰፉም፣ አጵሎስን ሲያስተምሩም፣ ከአገር ሲባረሩም አብረው ነበሩ። ብዙ አገር ማየታቸው ሳይሆን አብረው መሆናቸው ነው አገልግሎታቸውን ያጸናው።

እንደ እኛ ሩቅ አገር የመሄድ ዕድል ለሁሉም ላይገጥም ይችላል። አያስፈልግምም። አንድ ቅዳሜ እስከ ዓባይ በረሃ ወይም እስከ ከተማችሁ ዳር ሂዱ። ወንድሞች ሆይ፣ ስትሄዱ ዞር ብላችሁ እዩ፤ ‹ከኋላዬ ናት› ማለት አይበቃም። እህቶች ሆይ፣ የተጠራቀመውን ነገር ባቡር እስኪዘጋባችሁ ድረስ አታቆዩት፤ ዝምታ ሁሉ ትዕግሥት አይደለም። ሁላችሁም ደግሞ በትዳራችሁ ውስጥ ስሙ ሲነሣ ወሬ የምትለውጡበት አንድ አምበር ካለ፣ መንገዱ ክፍት ሳለ ሂዱ።

ባለቤቴ ዛሬም አንዳንዴ ይቀድመኛል። ያን ጊዜ ቆም እልና «ባቡሩ!» እለዋለሁ። እየሳቀ ይመለሳል።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።